ጠበል የጠጣ ባትሪ

የባለቤቴ ጀልባ ባትሪ በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ሞተ። የመጀመሪያው ሞት የእርጅና ነበር፤ ማንም አልገደለውም። የቀሩት ሦስቱ ግን በእኔ ዝምታ የመጡ ናቸው። ይህን እስከ ዛሬ የነገርሁት ለሦስት ሰው ብቻ ነው፤ አንደኛው የንስሐ አባቴ ናቸው። እሳቸው ሰምተው ሲያበቁ «ባትሪው ምን አጠፋ፣ ልጄ» አሉኝ። እኔም ባትሪው ምንም እንዳላጠፋ እንዲታወቅለት ከመጀመሪያው ልጀምር።

የምንኖረው ዘንዘልማ ነው። ቤቱን ስንሠራ ዙሪያው የዳጉሳ ማሳ ነበር፤ አሁን መስኮት ስከፍት የሚታየኝ የጎረቤት ብሎኬት ነው። እኔ የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ተማሪ የመለሰውን መጽሐፍ ወደ ቦታው እመልሳለሁ፣ ቁጥሩ የተላጠውን እንደገና እለጥፋለሁ፣ ገጽ አጥፎ የሚያነበውን ዝም ብዬ አየዋለሁ። የእኔ ዝም ብሎ ማየት ከሌላ ሰው ስድብ ይከፋል ይባላል። ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ፊደል የቆጠርሁት ዘግይቼ ነው። ሁለተኛ ልጄን ጡት ካስጣልሁ በኋላ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ፣ የማታ ትምህርት አንደኛ ክፍል ገባሁ። ከዚያ በፊት የልጆቼን መድኃኒት የምለየው ጠርሙሱን ነቅንቄ፣ ወደ ብርሃን አንሥቼ፣ በቀለሙና በውፍረቱ ነበር። ሰው ፊት ወረቀት ሲሰጡኝ «ዛሬ ዓይኔን አሞኛል» እል ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ትምህርቱን እንደ ክት ልብስ ነው የሚይዘው። ጭቃ እንዳይነካው ይሳሳለታል፤ ለብሶት ሲወጣም ሰው እንዲያይለት ይፈልጋል። እኔ እንዲያይልኝ የፈለግሁት አንድ ሰው ነበር።

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መኪናው ተገልብጦ ቀኝ ትከሻው ከወለቀ ወዲህ ያ ትከሻ በሆነ ባልሆነው የሚወልቅ ሆነ። ሹፌርነቱን ተወና አሮጌ ሞተር ጀልባ ገዛ፤ አሥር ሰው የምትይዝ፣ ነጭና ሰማያዊ የተቀባች፣ ጣሪያዋ ሸራ። ተሳላሚዎችን ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ያመላልስባታል። ሞተሯ በቁልፍ ይነሣል፤ ቁልፉ ደግሞ የሚታዘዘው ባትሪው ደኅና ሲሆን ነው። ባትሪው ከደከመ ሞተሩን በገመድ ስቦ ማስነሣት ግድ ይሆናል። ገመድ መሳብ ለሌላው ጀልበኛ ላብ ብቻ ነው፤ ለእርሱ ግን ትከሻውን መስጠት ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት ስለ ባትሪ የሚወራው ስለ ልጅ እንደሚወራው ነበር፤ ደክሞታል ወይ፣ ጠግቧል ወይ፣ እንዴት አደረ።

ከሞተሩ ጋር በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ መጥቶ ነበር። ስለ ባትሪ የሚያወራውን ክፍል፣ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ሦስት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ አማርኛ መለስሁት። ንጹሕ ደብተር ገዛሁ፤ ርእሱን በቀይ፣ የቀረውን በሰማያዊ ጻፍሁ፤ ለየገጹ ቁጥር ሰጠሁ። ባለቤቴ ተቀብሎ ገለጥ ገለጥ አደረገና «ጽሕፈትሽ እንዴት ያምራል» አለኝ። በሁለተኛው ወር ጀልባዋ ላይ ስወጣ ደብተሩን አገኘሁት። የቤንዚን ጀሪካኑ እንዳይንገዳገድ ከሥሩ ተደርጓል። አውጥቼ ጠረግሁትና ወደ ቤት ይዤው ተመለስሁ። ምንም አላልሁም፤ እርሱም የት ገባ ብሎ አልጠየቀም።

አሮጌው ባትሪ የሞተ ጊዜ ወደቡ ላይ ያሉት ጀልበኞች፣ ዓባይ ማዶ ሐኪሟ ጋ ውሰደው አሉት። ሐኪሟ የሚሏት ድልድዩን እንደተሻገሩ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎን፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ባትሪ የምትሞላ ሴት ናት። ሥራውን ከባሏ ጋር ስትሠራ ኖራ፣ እርሱ ሲሞት ቤቱን ሳትዘጋ ቀጠለች። ከእኔ ስምንት ዓመት ብታንስ ነው። ቱታዋን አሲድ በስቶ በስቶ ወንፊት አድርጎታል። ያን ከባድ ባትሪ እንደ ጡት ልጅ አቅፋው ትሄዳለች። ስትስቅ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ይህን ሁሉ በዓይኔ ያየሁት በኋላ ነው፤ በመጀመሪያ የሰማሁት ከባለቤቴ አፍ፣ ምሳ ላይ፣ ወጡ እየቀዘቀዘበት ነው።

እንደ እርሱ አነጋገር፣ ባትሪው ቻርጅ ላይ ሳለ ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጠዋለች። የባትሪ ሆድ ስድስት ክፍል ነው፤ የትኛው እንደሚፈላ፣ የትኛው ዝም እንዳለ በድምፁ ትለያለች። ሦስተኛው ሞቷል አትድከም አለችው፤ ከፍተው ሲያዩት እውነትም ሦስተኛው።

«አንዱ ከሞተ ሌሎቹንም ይዟቸው ይሞታል አለችኝ» አለ፣ ገና እየተደነቀ።

«ገጽ አሥራ አራት ላይ ጽፌልህ ነበር» አልሁት።

«የምን ገጽ?» አለ።

ሰው ቅናትን እሳት ይለዋል። የእኔ እሳት አልነበረም። የባትሪ ጫፍ ላይ የሚወጣ ነጭ አረንጓዴ ብናኝ አለ፤ በሙቅ ውሃ ሲያጥቡት ይጠፋል፣ በሳምንቱ ተመልሶ ያብባል፣ ቀስ እያለም ብረቱን ይበላዋል። የእኔ እንደዚያ ነበር። በመልኳ አልቀናሁም ብል ደግሞ ውሸት ይሆናል። ስትስቅ ጉንጯ ይሠረጉዳል፤ እኔ ይህ የለኝም። ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ግን የእርሱ መደነቅ ነበር። እኔ ተምሬ፣ ተርጉሜ፣ በቀይ አስምሬ ያልሰማኝን፣ እርሷ ጆሮዋን ስላስጠጋች ሰማት።

አዲሱን ባትሪ የመረጠችለት እርሷ ናት። ጀልባዋ ላይ ያሰረችለትም እርሷ። ከወር በኋላ መጥታ ውሃውን እንደምታየው ቀጠሮ ሰጠችው፤ ቀጠሮው ቅዳሜ ላይ ዋለ። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ቤተ መጻሕፍታችን ዝግ ነው። እኔም ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ የሐይቁ ነፋስ ለራስ ምታቴ ይበጀኛል ብዬ አብሬው ጀልባ ላይ መውጣት ጀመርሁ። ባለቤቴ ደስ አለው። ምክንያቴን አልጠረጠረም፤ ጥርጣሬ በቤታችን የእኔ ሥራ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ጠርሙሶቹ መናገር አለብኝ። ከመሪው ሥር ትንሽ መደርደሪያ አለች። እዚያ ላይ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ይቀመጣሉ። አንደኛው ባትሪ ውሃው ሲጎድል የሚጨመርለት፣ ከመለዋወጫ ሱቅ የሚገዛው የተጣራ ውሃ ነው። ሌላኛው ጠበል ነው። ጠበሉ የሚመጣው ሴት ከማይገባባት ደሴት ነበር፤ እኔ መውጣት ስለማልችል ለራስ ምታቴ እርሱ እየቀዳ ያመጣልኛል። ሁለቱ እንዳይሳሳቱ ብዬ ስማቸውን ጽፌ የለጠፍሁባቸው እኔ ነኝ፤ «የባትሪ ውሃ»፣ «ጠበል»። አንድ ዓይነት ወረቀት፣ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ቀለም፣ አንድ ዓይነት ጽሕፈት። ሥራዬን አይቼ ረክቼ ነበር።

የዚያን ዕለት ቅዳሜ ሐኪሟ መጣች። «እታለም፣ እንደምን ዋልሽ» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ፤ የአሲድና የሳሙና ሽታ ነበራት። እኔ የፊተኛው መቀመጫ ላይ መጽሐፍ ይዤ ተቀመጥሁ። ባለቤቴ ከተራ አስከባሪው ጋር ዳር ላይ ወሬ ይዞ ነበር። እርሷ የባትሪውን ስድስት ክዳኖች ፈታች፣ በየቀዳዳው አጮልቃ አየች፣ ውሃው መጉደሉን ለራሷ አጉረመረመች። ከዚያ እጇን ወደ መደርደሪያው ሰደደች።

ሁለቱንም ጠርሙሶች አወረደች። ዓይኗ ጽሑፉ ላይ አላረፈም። አንዱን ነቀነቀች፤ ወደ ብርሃን አነሣችው። ሌላውንም ነቀነቀች፤ ወደ ብርሃን አነሣችው። ሁለቱም ንጹሕ ውሃ ናቸው። ይህን አነሣስ አውቀዋለሁ፤ ሃያ ሦስት ዓመት እስኪሞላኝ የራሴ እጅ ነበር። ማንበብ እንደማትችል ያኔ ገባኝ። ከዚያ ጠበሉን በቀኝ እጇ ይዛ ቀና ብላ አየችኝ። አልተናገረችም፤ ዓይኗ ብቻ ይኼ ነው ወይ ይል ነበር።

እኔ ገጽ ገለጥሁ።

እርሷም እሺ ያልኋት መሰላት። ስድስቱንም ክፍል ቀስ እያለች፣ አንዲት ጠብታ ውጭ ሳታፈስስ ሞላች። በደብተሬ ገጽ አሥራ ስድስት ላይ፣ ከተጣራ ውሃ በቀር ምንም እንዳይጨመር የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምሬበት ነበር። በዚያች ደቂቃ ያሰብሁት ይህን ነው፤ አሁን ያያል፣ ሐኪሟ ምን ዓይነት ሐኪም እንደሆነች አሁን ያያል። ባለቤቴ ተመልሶ ሲመጣ ባዶውን ጠርሙስ አንሥቶ፣ ጠበሉ ማለቁን ጠየቀኝ። አለቀ አልሁት። እኔ የጠጣሁት መስሎት፣ ተሽሎሽ እንደሆነ ነው አለ።

ባትሪ ባዕድ ውሃ ሲገባበት ወዲያው አይሞትም። ጀልባዋ ቆማ ሳለች፣ ማንም ሳይነካው፣ የያዘውን ኃይል ለራሱ እየበላ ይደክማል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ቁልፉን ቢያዞረው ሞተሩ አልሰማም። ደግነቱ ወደቡ ላይ ስለነበር ጓደኞቹ ገመድ ሳቡለት። እኔ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። በእርሷ ሲያዝን፣ ሌላ ባለሙያ ሲፈልግ ታየኝ።

እርሱ ግን ባትሪውን ባጃጅ ላይ ጭኖ በቀጥታ ወደ ዓባይ ማዶ ወሰደው። የታመመ ሰው ወደ ሐኪም እንጂ ወዴት ይወሰዳል? ይህን አላሰብሁበትም። ባትሪ ለመሙላት ደግሞ ውሎ ይፈልጋል፤ እርሱም አብሮት ዋለ። ባትሪው ጤነኛ ቢሆን ኖሮ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢያያት ነበር። እኔ በራሴ ዝምታ ከዘንዘልማ እስከ ዓባይ ማዶ መንገድ ጠረግሁለት።

ባትሪው እንደገና ሞቶ ለሁለተኛ ጊዜ ሊወስደው ሲነሣ ጢሙን ተላጨ። ባትሪ ሊያስሞላ የሚሄድ ሰው ጢሙን ይላጫል የሚል መመሪያው ላይ አላነበብሁም። ከጓሯችን ዘይቱን ቀጥፎ በፌስታል ያዘ፤ የዛፉን ፍሬ የማውቀው እኔ ነኝ፣ አሥራ አንድ ነበር፣ የበሰለ የበሰለውን። ወደቡ ላይ ጀልበኞቹ መቀለድ ጀምረው ነበር። አንዱ እኔ ባለሁበት «ባትሪው ነው ወይስ አንተ ነህ የምትሞላው?» አለው። ባለቤቴ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥርሴ ብቻ።

አንድ ቀን ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁና በባጃጅ ድልድዩን ተሻገርሁ። ከቆርቆሮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ጭማቂ ቤት ገብቼ፣ ያላሰኘኝን አቮካዶ አዝዤ ተቀመጥሁ። ባለቤቴ የተገለበጠ የቢራ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። እርሷ አጎንብሳ ኬብል ትፍቃለች። ያየሁት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው። ግን እርሱ ያወራ ነበር። ቤት ውስጥ ቃሉን ቆጥሮ የሚያወጣው ሰው፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ የሌለ መሪ ይይዛል፣ ወደ ግራ ያጥፈዋል፣ በትከሻው ይወድቃል። መኪናው የተገለበጠበትን ቀን እየነገራት ነበር። ለእኔ ያንን የነገረኝ አንድ ጊዜ ነው፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ሦስት ቃል፤ ታጠፍሁ፣ ተገለበጥሁ፣ ተረፍሁ። ጭማቂውን ሳልነካው ከፍዬ ወጣሁ።

እቅፍ ውስጥ ባገኛቸው ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ያ ስም አለው፤ ሽማግሌም ይሰበሰብበታል። አንድ ሰው ታሪኩን ለሌላ ሰው ነገረ ተብሎ ግን ወዴት ይከሰሳል?

ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ስምንት ተሳላሚዎች ይዘን ወደዚያችው ጠበሉ ወደሚመጣባት ደሴት ሄድን፤ ስድስት ወንድና ሁለት ሴት። ባትሪው ውስጥ ጠበል ከገባ ዘጠነኛው ቅዳሜ ነበር። እንደ ሥርዓቱ ወንዶቹ ሽቅብ ወደ ገዳሙ ወጡ፤ እኔና ሁለቱ ሴቶች ጀልባዋ ውስጥ ቀረን። ባለቤቴም ጠበል ሊቀዳልኝ ጠርሙሱን ይዞ አብሯቸው ወጣ። ሴቶቹ ጫማቸውን አውልቀው ከጀልባዋ ጫፍ ወደ ላይ ይሳለማሉ። እኔ መጽሐፌን ገልጫለሁ፤ አንድ ገጽ ላይ ብዙ ቆየሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የጣና ነፋስ እንደ ልማዱ ተነሣ። ወንዶቹ ሲወርዱ ማዕበሉ ጀልባዋን ከድንጋዩ ጋር ማላጋት ጀምሯል። ሁሉም ተሳፈረ። ባለቤቴ ገመዱን ከዛፉ ፈትቶ፣ ከዳር ገፍቶ፣ ቁልፉን አዞረ። ቀጭ አለ። ደገመ። ቀጭ። ከዚያ ቀጭ ማለቱንም ተወ። ማዕበሉ ጎናችንን ይዞ ወደ ቋጥኙ ይመልሰን ጀመር፤ ከሴቶቹ አንዷ የመልአኩን ስም ትጠራለች። ባለቤቴ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ገመዱን በእጁ ጠቀለለ።

«ተው፣ ሌላ ሰው ይሳበው» አልሁት።

አልሰማኝም። ሰምቶም ቢሆን ጊዜ አልነበረውም። አንድ ሳበ፣ ሁለት ሳበ። በሦስተኛው ትከሻው ሲወልቅ ድምፁን እኔ ተቀምጬ ከነበረበት ቦታ ሰማሁት። ጀልባዋ ወለል ላይ ቁጭ አለ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ከተሳላሚዎቹ አንዱ፣ አንድ ጎልማሳ መምህር፣ ገመዱን ተቀብሎ ስንቴ እንደሳበ አላውቅም፤ ሞተሩ ተነሣ። የቀሩት በመቅዘፊያና በእጃቸው ከድንጋዩ ገፉን። ባለቤቴ በግራ እጁ መሪውን ይዞ እስከ ባሕር ዳር ነዳ። እኔ ነጠላዬን አውልቄ ቀኝ ክንዱን ከደረቱ ጋር አሰርሁለትና፣ ማዕበል ባነሣን ቁጥር እንዳይነቃነቅ በሁለት እጄ አቅፌ ያዝሁት። ጠበሉ ከእግራችን ሥር ይንከባለል ነበር።

በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «ያቺ ሴት ምን አድርጋብኝ ነው?» አለ፣ ጥርሱን ነክሶ።

የፈለግሁት ይህንን ነበር። መጣልኝ።

ወጌሻው ትከሻውን ወደ ቦታው መለሰለትና ወር እንዳያንቀሳቅሰው አዘዘው። ወሬው ወደቡን ለመዳረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። የሐኪሟ እጅ ተበላሽቷል፣ አዲስ ባትሪ ገድላ ሰው ልታስጨርስ ነበር ተባለ። ሦስት ጀልበኞች ባትሪያቸውን ከእርሷ ቤት አንሥተው ሌላ ዘንድ ወሰዱ። ይህን የነገረኝ ባለቤቴ ነው፣ ትራሱን ሳስተካክልለት። ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም፤ ወዳጅ ያጣ ሰው ፊት ነበር። በዚያም ቀናሁ።

ማክሰኞ ዕለት እርሷ ልትጠይቀው ዘንዘልማ ድረስ መጣች። ቱታዋን ትታ ቀሚስ ለብሳለች፤ ሙዝና ዳቦ ይዛለች። ባለቤቴ በቀዝቃዛ ፊት ተቀበላት። ባትሪውን ምን እንዳደረገችው ጠየቃት። ትከራከራለች ብዬ ነበር። አልተከራከረችም። ሳላጠፋ አልቀረሁም፣ ይቅር በለኝ አለችው፣ መሬት መሬት እያየች። ብዙም ሳትቆይ ተነሣች። ልሸኛት እስከ በሩ ወጣሁ።

በሩ ላይ ቆም አለች። «እታለም፣ ያ ውሃ ጠበል ነበር አይደል?»

«ነበር» አልሁ።

የዚያን ጊዜ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ነገረችኝ። አዲሱ ባትሪ ደክሞ መጀመሪያ የመጣላት ዕለት ስትከፍተው፣ አተላ የመሰለ ቡናማ ነገር ወጥቶበት አይታ፣ በተሳላሚ ጀልባ ላይ ሌላ ምን ውሃ ይኖራል ብላ አውቃዋለች። ጠበል ከአሲድ ቀላቀልሁ ብላ ለንስሐ አባቷ ተናግራ ስግደት ተሰጥቷታል፤ ሰግዳዋለች። አሲዱን ሁለት ጊዜ ደፍታ በአዲስ ቀይራዋለች፤ የባትሪው የውስጥ እርሳስ አንዴ ከተበላ ግን አይመለስም። ለባለቤቴ ለምን አልነገርሽውም አልኋት።

«ጽሑፉን አላየሽም ወይ ቢለኝ ምን እለዋለሁ?» አለች። ከመንገዱ ወደ እኔ ዞር ብላ ደግሞ፣ «አንቺ ግን ታነቢያለሽ። ያኔም መጽሐፍ ይዘሽ ነበር» አለች።

«አየሁሽ» አልሁ። «ስህተት እንደሆነም አውቅ ነበር።»

«ለምን?»

ትክክለኛውን ቃል መፈለግ ልማዴ ነው። ፈልጌ ያገኘሁት ይህን ነበር፤ «ከአንቺ ጋር ይስቃል።»

ረዘም አድርጋ አየችኝ። የሚሠረጉደው ጉንጯ አልተነቃነቀም። «የሰውዬው ትከሻ ወለቀ እኮ» አለች። ባጃጅ እያለፈ ነበር፤ አስቁማ ገባች።

ወደ ቤት ተመልሼ ለባለቤቴ ነገርሁት። በቅደም ተከተል፣ ጽሑፍ እንደማነብ ሆኜ ነገርሁት። ጠርሙሶቹን አወረደች፣ ይኼ ነው ወይ ብላ በዓይኗ ጠየቀችኝ፣ እኔ ዝም አልሁ። ማንበብ አለመቻሏን አልነገርሁትም። ያንን የመናገር መብት የእርሷ ነው፤ ከዚህም ሌላ ያ እፍረት አንድ ጊዜ የእኔም ነበርና።

ሲያዳምጥ ጣሪያውን ነበር የሚያየው። ስጨርስ «ደብተርሽ ላይ አለ ይህ ነገር?» አለኝ።

«አለ።»

«አንብቢልኝ።»

ደብተሩን ከቁም ሣጥን አወጣሁ። ገጽ አሥራ ስድስትን አነበብሁለት። እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ፣ ሳያቋርጠኝ፣ ዓይኑን ከፊቴ ሳያነሣ አዳመጠኝ። እንዲህ ሆኖ እንዲሰማኝ የተመኘሁት ስንት ዓመት ነው! የደብተሩ ጠረን የቤንዚን ነበር።

«አብረሽኝ ጀልባ ላይ ስንት ቅዳሜ ወጣሽ?» አለኝ።

በቁጥር ነገር መዋሸት አልችልም። «ዘጠኝ» አልሁት።

«ዘጠኝ ቅዳሜ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መነሣት እንደቻለ፣ ክንዱ ገና በጨርቅ እንደታሰረ፣ ወደቡ ሄዶ ለጀልበኞቹ ጥፋቱ ከእርሷ እንዳልሆነ፣ ከራሱ ቤት እንደሆነ ተናገረ። ከዚያ በላይ አልዘረዘረላቸውም። ባትሪ ያነሡባት ሦስቱም አንድ በአንድ ተመለሱላት። እኔም ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ይቅርታዬን ተቀበለች። ብትፈልግ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ፊደል ላስቆጥራት አልኋት። «ከአንቺ?» ብላ ሳቀች፤ ጭማቂ ቤት ያሉት ሰዎች ዞር ብለው አዩን። ከዚያ አንድ ምክር ሰጠችኝ፤ ጠበሉ ላይ መስቀል ሣዪበት አለችኝ። ሰባት ዓመት ተምሬ ይህ አልመጣልኝም ነበር።

አሁን ሌላ ባትሪ አለን፤ ዓመት አልፎታል፣ አንድ ቀን ደክሞ አያውቅም። ባለቤቴ ዓባይ ማዶ የሚሄድበት ምክንያት የለውም፤ አይሄድምም። ቅናቴ ግን ሥራ አልፈታም፤ አንዳንዴ ሲተክዝ ስለ መሪና ስለ መታጠፊያ የሚያስብ ይመስለኛል፤ የዚያን ቀን ታሪክ ለእኔ ገና አልነገረኝም፣ ልጠይቀውም አልደፈርሁም።

የጠበሉ ጠርሙስ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ቀይ መስቀል አለ። ዕውር ቢዳስሰው እንዲያውቀው ብዬ በክር ጭምር አስሬበታለሁ። ሊሳሳት የሚችል ሰው የለም። ሆኖም በየወሩ የባትሪውን ክዳኖች ከፈታ በኋላ ባለቤቴ የውሃውን ጠርሙስ ያነሣና ወደ እኔ አዙሮ ያሳየኛል።

«ይኼ ነው?» ይለኛል።

መጽሐፌን እዘጋለሁ። «እሱ ነው» እለዋለሁ፣ ጮክ ብዬ።

ወዲያው አያፈስስም። ጠርሙሱን እንደያዘ ፊቴን አንድ ጊዜ ያየዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚያፈስሰው።